እሽ፣ ምርቃትና ቀብድ

ጥር 21 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ አስተርዮ ማርያም። የእናቴ የማርያም ማኅበር ተራው እኛ ቤት ነበር። ጸሎቱ አልቆ፣ ድፎው ተቆርሶ፣ ጠላው ሁለተኛ ዙር ሲቀዳና ጨዋታው ሞቅ ሲል እናቴ «ይኼ ልጅ የሚጠይቃችሁ ነገር አለው፤ እስቲ አድምጡት» አለችልኝ። በአንድ እጄ አዋዜ የሞላ ሰሃን፣ በሌላው የተቆራረጠ ዳቦ ይዤ ተነሣሁ። የባንክ ሥራዬን ለቅቄ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ ከገባሁ ገና ወር አልሞላኝም።

ሁሉም አጥቅሰው ቀመሱ። አንዳንዶቹ ደገሙ። ከዚያ ስዘጋጅበት የሰነበትኩትን ጥያቄ አወጣሁት፦ «እንዲህ ያለ ንጹሕ፣ ባዕድ ነገር ያልገባበት፣ እንደ ቤት የተዘጋጀ በርበሬ በግማሽ ኪሎ ታሽጎ ሱቅ ቢቀርብ ትገዛላችሁ?»

«እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ አንደኛዋ። «ከዚህ ከቅንጠሳና ከማስነጠስ የሚገላግለን ከተገኘማ ምን እንፈልጋለን!» ሌላዋ «እሽ እንጂ፣ ለምን አንገዛ» አሉ። ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡት እማሆይ ብድግ ብለው መረቁኝ፦ «እጅህ የነካው ይባረክ። አፈር ብትዘግን ወርቅ ይሁንልህ።» ቤቱ በሙሉ «አሜን» አለ። ማታ ደብተሬን ገልጬ «14 ሰው፣ 14 አዎ» ብዬ ጻፍኩ።

ደብተሩ እስከ ዛሬ አለ። በቀጣዮቹ ሁለት ሳምንታት ጎረቤት፣ የድሮ የክፍል ጓደኛ፣ የወንድሜ ባልደረቦች፣ ባገኘሁበት ሁሉ እየጠየቅኩ ቁጥሩን 41 አደረስኩት። 38ቱ «አዎ» ብለዋል። ሁለቱ እናቶቻቸው ከገጠር እንደሚልኩላቸው ነገሩኝ፤ አንዱ ጨጓራ እንዳለበትና በርበሬ እንደማይቀምስ። ከ41 ሰው 38 ካገኘህ ምን ትጠብቃለህ? ያጠራቀምኩትን አወጣሁ፣ ከወንድሜ ተበደርኩ፣ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም በኩል አራት ኩንታል ዛላ አስመጣሁ። ሁለት ሴቶች ቀጠርኩ። ማሸጊያ አዘዝኩ፣ ስቲከር አሳተምኩ። ቅመሙን እናቴ ራሷ ለካች። ሲያልቅ 700 ያህል ፓኬት ወጣው።

እስከ ሰኔ መጨረሻ የተሸጠው 83 ነው። ከነዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የገዙኝ ዘመዶቼ ናቸው።

ጉዳዩን ያጫወትኳቸው የአዲስ አበባ ጓደኞቼ ሳቁብኝ። «ጎጃሜ አይደሉ! ሰሙን ሰጥተው ወርቁን ይዘውብህ ነዋ» አሉኝ። በቅኔ ትምህርት የታወቁት ዋሸራና ዲማ ያሉበት አገር ስለሆነ ይኼ ቀልድ መቼም አያልቅም። እኔ ግን አልዋጥልህ አለኝ። ማንም ቅኔ አልተቀኘብኝም። በማኅበር መሃል፣ እናቴ ጠላ እየቀዳች፣ የሷን ልጅ «አልገዛህም» የሚል ሰው በጎጃም ቀርቶ በየትም አገር አይገኝም። ጥያቄውስ ቢሆን? «ንጹሕ በርበሬ ትገዛላችሁ?» ተብሎ «የለም፣ እኛ ቆሻሻውን ነው የምንወደው» የሚል አለ? መልሱን ራሴ አዘጋጅቼ፣ ሰዎቹ እንዲያነቡልኝ ነው ይዤ የገባሁት። የሰጡኝም የጠየቅኳቸውን ነው፤ ምርቃት። እኔ ምርቃቱን ትእዛዝ አድርጌ ቆጠርኩት።

ይኼ የገባኝ ግን ወዲያው አይደለም። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው፣ አክስቴ ቤት።

ውጭ የማርቆስ ዝናብ ይወርዳል። አክስቴ ቡና እያፈላች «እስቲ ከጓዳ ጨው አቀብለኝ» አለችኝ። መደርደሪያው ላይ የጨው ጣሳውን ሳነሣ ከኋላው የኔ ፓኬት ወጣ። ስቲከሩ እንዳለ ነው። ማሸጊያው አልተቀደደም። ጫፉ ላይ የምድጃ ጥቀርሻ ይዟል፤ በጣቴ ስነካው መስመር አወጣ። ከጎኑ ክዳኑ በግማሽ የተከፈተ ነጭ ባልዲ አለ፤ ውስጡ የራሷ በርበሬ፣ የእንጨት ማንኪያው እንደተሰካ። ወደ ባልዲው አጎንብሼ ሳየው ሩቡ ብቻ ነው የቀረው።

አክስቴ ያንን ፓኬት የገዛችኝ መጋቢት ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ባገኘችኝ ቁጥር፣ ቢያንስ ሦስቴ፣ «በርበሬህ እንዴት እንደጣመኝ!» ብላኛለች። ጨውን ይዤ ወጣሁ፤ ምንም አልተናገርኩም። ዋሸችኝ ብዬ ለመናደድ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። የጣማት የወንድሟ ልጅ ነጋዴ መሆኑ ነው። እሱ ደግሞ እውነት ነው።

ከዚያ በፊት ምን አደርግ እንደነበር ልንገራችሁ። ያልገዙኝን ሰዎች «ለምን አልገዙም?» እያልኩ እጠይቅ ነበር። መልሱ ሁሌ አንድ ነው፤ «ተወደደብኝ፣ ልጄ።» አመንኩ። ከአንዱ ፓኬት ላይ 15 ብር ቀነስኩ። በሳምንቱ ሽያጩ ጭራሽ ወረደ። ዕቃዬን የሚሸጥልኝ ባለሱቅ ነው ምስጢሩን የነገረኝ፦ «ሰው 'ምን ቢጨምርበት ነው የረከሰው?' እያለ ነው።» በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት ይቀላቅላሉ የሚለውን ወሬ ያልሰማ የለም። የእማሆይ ምርቃት ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ፤ ሰዉ አፈር ዘግኖብናል ብሎ እየጠረጠረኝ፣ ወርቁ ደግሞ የት እንዳለ አላውቅም።

«ተወደደብኝ» ትሁት ቃል ነው። ጥፋቱን ከሰው ላይ አንሥቶ ኪስ ላይ ይጥለዋል። «አላመንኩህም» ከማለት ይቀላል፤ ለሚሰማውም ይቀላል። ነጋዴ ሆኜ ብዙ ገንዘብ ያስከፈለኝ ቃል ቢኖር እሱ ነው። አሁን ሰው «ውድ ነው» ሲለኝ ዋጋዬን አልነካም፤ «ባለፈው ጊዜ ታዲያ ከየት ገዙ? በስንት?» ብዬ እጠይቃለሁ። ከየትም ያልገዛ ሰው ዋጋውን የሚያወዳድርበት ነገር የለውም።

እዚህ ላይ ስለ ኮካ ኮላ ሳላወራ ማለፍ አልችልም፤ ምክንያቱም ከኔ አዋዜ ጋር አንድ ነው። በሚያዝያ 1977 ዓ.ም. ኩባንያው ለ99 ዓመት የኖረውን ቅምሙን ቀይሮ አዲስ ኮካ አወጣ። በደፈናው አልነበረም የገቡበት፤ ወደ 200,000 ለሚጠጉ ሰዎች አቅምሰው፣ ብዙዎቹ አዲሱን መርጠው ነው። ሲወጣ ግን አሜሪካ ተቆጣ፣ ስልኩ በአቤቱታ ተጨናነቀ፣ በ79ኛው ቀን የድሮውን መልሰው ሊያመጡ ተገደዱ። የሚያቀምሱት ሰው «የትኛው ይጣፍጣል?» ተብሎ ነበር የሚጠየቀው። የለመዱት ከገበያ ጠፍቶ አዲሱ ቢተካስ የሚለውን በቅጡ አልመረመሩትም። እኔም በዳቦ አዋዜ አስልሼ «ጣመ» አስባልኩ። የማርቆስ ሴት በርበሬ የማትገዛው ስለማይጥም መስሎኝ ነበር እንዴ? ማንም እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም። የራሴ ግምት ነው፤ አንዴም አልጠየቅኩትም። እነሱ 200,000 ሰው አቅምሰው ከተሳሳቱ እኔ በ41 ሰው መሳሳቴ ብዙም አያስደንቅም ብዬ ተጽናናሁ።

መስከረም 2012 ላይ እንደገና ጀመርኩ። የምሸጠውን ነገር ግን እቤት ትቼ ነው የወጣሁት።

የመጀመሪያዋ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ሆን ብዬ እናቴን የማያውቁ ሰው ነው የፈለግኩት፤ በማርቆስ ይኼ ቀላል ሥራ አይደለም። በራቸው ላይ ቆሜ እውነቱን ነገርኳቸው፦ «በርበሬ ነግጄ ከሰርኩ። ለምን እንደከሰርኩ የሚያስረዳኝ ሰው እየፈለግኩ ነው። የምሸጥልዎ የለኝም።» ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። እንዲህ ያለውን ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሊሠራ ያሰበን ልጅ ሰው ይመርቀዋል፤ የከሰረን ልጅ ግን ያርመዋል። «ግባ እስቲ፣ ማን ክሰር አለህ!» ብለው አስገቡኝ።

የጠየቅኳቸው ስላለፈው ዓመት ብቻ ነው። በርበሬ ያዘጋጁት መቼ ነው? ከጥምቀት በኋላ። ስንት ኪሎ? 12። ዛላውን ከየት ገዙት? ያን ቀን ከማን ጋር ሄዱ? መጀመሪያ ምን አደረጉ? እንዲህ፣ አንድ በአንድ። «ብዙውን ጊዜ እንዴት ነው?» ስል ሰው የሚነግረኝ እንዴት መሆን እንዳለበት ነው። «ያን ቀንስ?» ስል ነው የሆነውን የሚነግረኝ።

ዛላውን ሳይገዙ ሰብረው እንደሚያሸቱት ነገሩኝ። «ውኃ የረጩበት ከሆነ ይነግርሃል፤ አፈር አፈር ይላል።» ዛላ በጣም ሲደርቅ ይሰባበራል፣ ይቀላልም፤ ስለዚህ አንዳንዱ ነጋዴ ውኃ ያርከፈክፍበታል። እርጥበት ያገኘ በርበሬ ሻጋታ ያበቅላል፣ ከሻጋታው ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ይመጣል፤ የአውሮፓ ኅብረት በአንድ ኪሎ በርበሬ ውስጥ ከ10 ማይክሮ ግራም በላይ ከተገኘ አያስገባም። መምህርቷ ይኼን ቁጥር አያውቁትም፤ አፍንጫቸው ግን ያውቀዋል። የኔ የታሸገ ፓኬት ያንን አፍንጫ ነበር ከሥራ ያስወጣው። ዱቄት ተሸትቶ አይታወቅማ።

ከዚያ ቅንጠሳው። ሁለት ቀን የቀን ሠራተኛ ቀጥረዋል። መታጠቡ፣ መሰጣቱ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር መደለዙ፣ ተመልሶ መሰጣቱ። በመሃል ሰማዩ ጠቁሮባቸው አንሥተው ወደ ቤት ያስገቡበት ቀን። የልጅ ልጃቸው ዓይኗን በበርበሬ እጇ አሽታ ያለቀሰችበት ቀን። በምጣድ ማመሱ፣ ኮረሪማውና አዝሙዱ። ይኼን ሁሉ ሲያወሩ ሳቅ ሳቅ እያላቸው ነው፤ ድካም ነው ግን ይወዱታል። ወፍጮ ቤት ላይ ሲደርሱ ግን ሳቁ ቆመ።

«ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሄጄ ተራዬ የደረሰው 8 ሰዓት ነው» አሉ።

«ለምን ልጅ አልላኩም?»

ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ተነሡ። የነጠላቸውን ጫፍ ወደ አፍንጫቸው ሳቡ፣ እዚያው ሳሎናቸው መሃል ቆሙ፣ ቀኝ መዳፋቸውን ዘርግተው የወፍጮው አፍ ስር እንዳለ ሰው ያዙት። የሌለውን ዱቄት በአውራ ጣታቸው አሹት። «እንዲህ ነው የምቆመው። ልሞ እንደሆነ በጣቴ አያለሁ። ከሞቀ ተቃጠለ ማለት ነው፤ 'ቀንስ' እለዋለሁ። ከኔ በፊት የማን ሽሮ እንዳለፈ አያለሁ። ዓይኔን ካነሣሁ የሦስት ሳምንት ልፋቴ ከሰው በርበሬ ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚያ በኋላ ማንን ትከሳለህ?» ተቀመጡ። «እግሬ ግን ሳምንቱን ሙሉ አመመኝ።»

ስድስት ሰዓት ሙሉ ቆመዋል። በዚህ ላይ ለቀን ሠራተኛዋ ከፍለዋል፣ ለወፍጮ ከፍለዋል፣ ለባጃጅ ደርሶ መልስ ከፍለዋል። «ትገዛላችሁ?» እያልኩ ስዞር የነበርኩት፣ ገንዘቡ ከቦርሳቸው ወጥቶ ሌላ ቦታ በሚፈስበት ሰዓት ነው። ያልጠየቅኩት ወዴት እንደሚፈስ ብቻ ነው።

ስወጣ «አንተ ልጅ፣ ይኼን ሁሉ ጠይቀህ ታዲያ ምን ልትሸጥልኝ ነው?» አሉኝ። «ገና አላወቅኩም» አልኩ። እውነቴን ነበር።

ስለ ቡናም አንድ ነገር ልበል። ጥናት የሚያጠኑ ሰዎች ለአንድ ቃለ መጠይቅ ግማሽ ሰዓት ይመድባሉ ሲባል እሰማለሁ። እዚህ ግማሽ ሰዓት ማለት ቡናው ገና ሳይቆላ ነው። አቦል ላይ ሁሉም ነገር «ይመስገነው፣ ደህና ነው»። ባሌ፣ ልጆቼ፣ ኑሮ፣ ሁሉም ደህና። እውነቱ ብቅ የሚለው ቶና ላይ ነው፤ ያውም እኔ ዝም ካልኩ። ዝም ማለት ለኔ ከሁሉም ከባዱ ነበር። አንድ ሰው መልሶ ሲያበቃ ክፍተቱን በጥያቄ መሙላት የጨዋ ልጅ ወግ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሲኒዬን አነሣለሁ፣ እጠጣለሁ፣ እጠብቃለሁ። ብዙ ጊዜ ከዝምታው በኋላ የሚመጣው «እውነቱን ልንገርህና…» ነው።

አንዳንዴ ደግሞ እውነቱ በር ላይ ነው የሚገኘው። አንድ ቤት (የማን እንደሆነ አልናገርም) ባለቤቲቱ «የገበያ በርበሬ ቤቴ ገብቶ አያውቅም!» ብለው ደረታቸውን ነፍተው ነገሩኝ። ሠራተኛቸው በሩን ልትዘጋልኝ ስትሸኘኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ነሐሴ ላይ አልቆባቸው ከጉልት አንድ ኪሎ አስገዝተውኛል። ሲመሽ ነው የላኩኝ» አለችኝ። ይኼ ለካ ሌላ በር ነው! እስከዚያ ቀን ድረስ የሚያታልለኝ «አዎ» ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ «በፍጹም» የሚለውም ያታልላል። በርበሬ የሙያ መለኪያ በሆነበት አገር፣ ሴት ወይዘሮ በርበሬ እገዛለሁ ብላ ለማታውቀው ወንድ ልጅ እንዴት ትናገር? እኔም ወንድ ሆኜ ስለ ጓዳ ስጠይቅ ብዙዎቹ መጀመሪያ ላይ የሚስቁት በከንቱ አልነበረም። (በነገራችን ላይ ይኼ የክብር መለኪያ ያደረግነው በርበሬ ራሱ እንግዳ ነው። ከ1492 እ.ኤ.አ. በፊት ከአሜሪካ ምድር ውጭ አይታወቅም ነበር። የመጀመሪያዋን ዛላ የገዛችው ኢትዮጵያዊት ምን ያህል ተጠራጥራ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።)

ባሎችን መጠየቅ ቶሎ ተውኩ። ይመልሳሉ፤ በሰፊው፣ በእርግጠኝነት፣ ያውም በሚስቶቻቸው ፊት። በርበሬው ስንት ኪሎ እንደሆነ ግን አንዳቸውም አያውቁም።

ደብተርም አለ። ዛላው ከምንጩ እንዴት እንደሚመጣ ለማወቅ ወደ ጃቢ ጠህናን ወረዳ ወርጄ ነበር። ከአንድ አርሶ አደር ጋር ደጃቸው ላይ ተቀምጠን ስለ ምርቱ ጥሩ ጨዋታ ይዘናል። ልጽፈው ብዬ ደብተርና እስክሪብቶ አወጣሁ። ምርቱ እዚያው ዓይኔ እያየ ቀነሰ። ከደቂቃ በፊት «እግዜር ይመስገን፣ ሞላልኝ» ያሉት ሰውዬ «ዘንድሮማ ምን አለ፣ በሽታው ጨርሶት» አሉ። አልፈረድኩባቸውም። ደብተር ይዞ ስንት ኩንታል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከመጣ ወይ ግብር ነው ወይ እርዳታ ምዝገባ፤ ለሁለቱም ትንሽ መናገር ያዋጣል። ከዚያ ወዲህ እኔ ማን እንደሆንኩና ለምን እንደምጠይቅ አስቀድሜ እነግራለሁ፣ ደብተሩን ከቦርሳ አላወጣም፣ ባጃጅ ውስጥ ስገባ ነው እንዳልረሳ እየተጣደፍኩ የምጽፈው። ጽሑፌ ከመንገዱ ጉድጓድ የተነሣ አይነበብም፤ ግን እውነት ነው።

ስንት ሰው ልጠይቅ የሚለው አስጨንቆኝ ነበር። 41 ጠይቄ ከተሳሳትኩ አሁን 400 ልጠይቅ? በኋላ ያነበብኩት አንድ ጥናት አሳረፈኝ። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ ነው፤ ተመራማሪዎቹ በጋናና በናይጄሪያ 60 ሴቶችን በጥልቀት አነጋግረው፣ አዲስ ሐሳብ መምጣቱ በየትኛው ቃለ መጠይቅ ላይ እንደሚቆም ተከታተሉ። በመጀመሪያዎቹ 12 ውስጥ አብዛኛው ነገር ወጥቶ አልቋል። እርግጥ ሴቶቹ እርስ በርሳቸው የሚመሳሰል ኑሮ ያላቸው ናቸው፤ ሁሉን ዓይነት ሰው ብትቀላቅል 12 አይበቃም። የኔም የማርቆስ እናቶች እንደዚያው የሚመሳሰሉ ነበሩ። ዘጠነኛዋ ላይ ስደርስ ወፍጮ ቤት የሚለውን ቃል ከመናገራቸው በፊት ፊታቸው ላይ አየው ጀመር። በ12ኛዋ አቆምኩ።

አሁን ሐሳብ ነበረኝ። ሐሳቡ ሲመጣ ደግሞ የድሮው በሽታዬ አብሮ መጣ፤ ሄጄ «እንዲህ ባደርግ ጥሩ ነው?» ልል ፈለግኩ። አባቶች «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ይላሉ። ለጎረቤት፣ ለሽምግልና፣ ለእርቅ እውነት ነው። ለንግድ ግን 38 እሽ ቆጥሬ ያገኘሁትን አይቼዋለሁ። ስለዚህ ወደ 12ቱ ተመልሼ እንዲህ አልኳቸው፦ ዛላዎን ራስዎ መርጠው፣ አሽትተው ይገዛሉ። በፊትዎ እመዝናለሁ። ቅንጠሳው፣ መደለዙ፣ መሰጣቱ በኔ። ቅመሙን እርስዎ ይሰጡኛል። ወፍጮው ቀን ይመጣሉ፣ በርጩማ አለ፣ አጠገቡ ይቀመጣሉ። 100 ብር ቀብድ እቀበላለሁ።

ቀብድ የምትለዋ ቃል ክፍሉን ቀዝቃዛ ታደርገዋለች። ሰባቱ «እሽ፣ እናስብበት» አሉ። ሁለቱ ጨዋታውን ወደ ልጆቻቸው ትምህርት አዞሩት። ሦስቱ ቦርሳቸውን ከፈቱ። መምህርቷ አንዷ ናቸው፤ መቶ ብሩን ሰጥተው «ጎረቤቴንም እነግራታለሁ፤ ካበላሸህ ግን እሷም ታውቃለች» አሉኝ። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ከመቶ ብሩ ይበልጥብኛል። ሰው ስሙን ሲያሲዝልህ ገንዘብ ከሰጠህ በላይ ነው።

ሦስት ሰው። ከ38ቱ ጋር ሳስተያየው ደብተሬ ላይ እንዴት ትንሽ ይመስል ነበር።

በዚያ ዓመት ጥር ላይ ከአንድ ወፍጮ ቤት ጎን አንዲት ክፍል ተከራየሁ። እያንዳንዱ ጆንያ ላይ የባለቤቱ ስም የተጻፈበት ጨርቅ እንሰፋለን። ሚዛኑ በሩ ላይ ነው፤ ስንቀበልም ስናስረክብም ባለቤቱ እያየ ነው። ከሰው ሰው ስንሸጋገር ወፍጮው ውስጥ ጥቂት ገብስ አሳልፈን እናጠራዋለን፤ ገብሱ ቀልቶ ሲወጣ እናቶቹ አይተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በርጩማዎቹ ስድስት ናቸው። የመጀመሪያው ዓመት ሁሉም ሞልተው ነበር፤ ነጠላ ተሸፋፍነው፣ እያስነጠሱ፣ እየተጫወቱ። ያልጠበቅኩት ነገር፣ በሁለተኛው ዓመት በርጩማዎቹ ባዶ መሆን ጀመሩ። ደንግጬ ነበር። ለካ ልጆቻቸውን እየላኩ ነው። ማንም «አምነንሃል» ብሎ አልነገረኝም፤ ብጠይቅ ኖሮም መልሱ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ።

አሁንም እሳሳታለሁ። አዲስ ሐሳብ ሲመጣልኝ ጥያቄው ሳይሆን ማስታወቂያው ነው ከአፌ ቀድሞ የሚወጣው፤ በተለይ ሰውዬው ፊቱ ደስ የሚል ከሆነ። ከዚያ በኋላ የሚነግሩኝ ሁሉ ለደብተር አይሆንም፤ ቡናዬን ጠጥቼ እወጣለሁ። የእናቴ ማኅበር ላይም ስለ ሥራ አላወራም። ምርቃቱን ግን እቀበላለሁ፤ እሱን መቼም አልተውም።

አክስቴ ባለፈው ጥር 8 ኪሎ ዛላ ይዛ መጣች፤ ቀብዷን እንደማንም ከፍላ። ወፍጮው ቀን ከበርጩማው አልተነሣችም። ማታ ጆንያዋን ተሸክሜ ቤቷ አደረስኩላት፤ ጓዳ ገብቼ ባልዲዋ ውስጥ ስገለብጥ ያ ፓኬት እዚያው ቦታው ላይ ነው፣ ከጨው ጣሳው ኋላ። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን አላነሣሁባትም ነበር። ያን ቀን ግን አመለጠኝ።

«እቴ፣ ይኼን ለምን አልከፈትሽውም?»

መጀመሪያ ደነገጠች። ከዚያ በነጠላዋ አፏን ሸፍና እስክትንፈራፈር ሳቀች።

«ከፍቼ ብጨርሰው ሌላ ግዥ ትለኝ አልነበር?»